«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ስለተባለው የባሕር ዛፍ ዘይት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት የፒያሳ ነዋሪ የ3 ዓመት ወንድ ልጃቸው ጉንፋን ይዞት ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። ከአንድ ሱቅ 10 ሚሊ ሊትር የባሕር ዛፍ ዘይት ገዙ። ሻጩ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ ነው፤ ሁለት ጠብታ ሻዩ ውስጥ፣ ትንሽ ደግሞ አፍንጫው ሥር» አላቸው። ለእናታቸው ጉልበት ይሆናል ብሎም የእጣን ዘይት ጨመረላቸው፤ «ቦስዌሊክ አሲድ አለው» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። እናታቸው ግን «እኔ ሁላችሁንም ቅጠሉን ቀቅዬ እያጠንሁ ነው ያሳደግኋችሁ፤ ይሄን ጠርሙስ ተዪው» ብለው ተቆጡ። ጠያቂዋ «ቅጠሉ ካልጎዳን ከቅጠሉ የወጣው ዘይት እንዴት ይጎዳል? በውስጡስ ያለው ምንድን ነው?» ይላሉ።

እኅቴ፣ ለዛሬ ማታ የሚያስፈልግዎትን አስቀድሜ ልንገርዎ። ለልጁ በአፉ አይስጡት፤ አፍንጫው ሥርም አይቀቡት። ጠርሙሱን አሁኑኑ ልጁ በወንበር ላይ ቆሞ እንኳ ከማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት። እናትዎ በዋናው ነገር ልክ ናቸው፤ በአንድ ነገር ግን እሳቸውንም አስጠነቅቃለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የጥያቄዎ ልብ ያለው «ቅጠሉ ካልጎዳን» በሚለው ላይ ነው። የነጭ ባሕር ዛፍ ትኩስ ቅጠል ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ዘይት ይሰጣል። እርስዎ የገዙት 10 ሚሊ ሊትር ዘይት ወደ 9 ግራም ይመዝናል። ያን ለማግኘት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ቅጠል ያስፈልጋል ማለት ነው። ከእንጦጦ የሚወርዱት እናቶች ከሚሸከሙት ቅጠል ላይ ጥሩ እቅፍ ያህል ወስደው በአውራ ጣት ቁመት ጠርሙስ ውስጥ አስገቡት ብለው ያስቡ። እናትዎ ድስት ውስጥ የሚጨምሩት ጥቂት ቅጠል ነው። ከዚያም ውስጥ የሚበዛው ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ቤቱን ሞልቶ ይበተናል፤ ወደ ልጅ ሳንባ የሚገባው ከጥቂቱም ጥቂት ነው። ቅጠሉና ጠርሙሱ አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ይዘዋል፤ መጠናቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ሻጩ ያላለው ይህንን ነው።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል፤ ለዓመታት ሲያስቆጣኝ የኖረ ነገር ነውና። በብዙ ጠርሙሶች ላይ «አስፈላጊ ዘይት» ተብሎ ተጽፎ አያለሁ። የተሳሳተ ትርጉም ነው። ኢሴንሻል የተባለው የዕፅዋቱን «ኢሴንስ»፣ የመዓዛውን ፍሬ ነገር፣ የያዘ ለማለት ነው እንጂ ለሰውነት የግድ ያስፈልጋል ለማለት አይደለም። ማንም ሰው ይህ ዘይት ስለጎደለው አይታመምም። እኔ «መዓዛማ ዘይት» ወይም «ተናኝ ዘይት» ማለትን እመርጣለሁ። እንዲያውም «ዘይት» የሚለውም ቃል በጥቂቱ ያሳስታል፤ እንደ ኑግና እንደ ሰሊጥ ያለ የምግብ ቅባት አይደለምና። አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉና ሌሊቱን ይተዉት። ንጹሕ የባሕር ዛፍ ዘይት ከሆነ ተንኖ ይጠፋል፤ የሰሊጥ ዘይት የተጨመረበት ከሆነ የቅባት ምልክት ይቀራል። ይህ ፈተና የሚያጋልጠው ግን በምግብ ዘይት የተቀላቀለውን ብቻ ነው። በርካሽ ተናኝ ፈሳሽ የተቀላቀለውን አይለይም፤ ለዚያ ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚባለው መሣሪያ ያስፈልጋል።

ዘይቱ ከቅጠሉ የሚወጣበት መንገድ በውስጡ ምን እንዳለ ይወስናል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ተማሪ ሳለሁ አራት ኪሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅጠል ሳጣራ ቴርሞሜትሩ 91 ዲግሪ ላይ ቆመብኝ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ መምህሬን ጠራሁ። እሳቸውም በመስኮቱ ወደ እንጦጦ እያሳዩ ያለንበትን ከፍታ እንዳስታውስ ነገሩኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይት ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ሲኒዮል ግን ብቻውን ሲሆን፣ በባሕር ወለል ላይ፣ የሚፈላው በ176 ዲግሪ ነው። ታዲያ እንዴት ከድስቱ ወጣ? ውኃና ይህ ዘይት አይቀላቀሉም፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የትነት ግፊት ይፈጥራሉ። የሁለቱ ድምር ከአየሩ ግፊት ጋር ሲስተካከል ድብልቁ ይፈላል፤ ይህም የሚሆነው ውኃው ብቻውን ከሚፈላበት ሙቀት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። እንፋሎቱ ዘይቱን ተሸክሞ ይወጣል፣ በቀዝቃዛ ቱቦ አልፎ ፈሳሽ ይሆናል፣ ዘይቱም ከውኃው ላይ ይሰፍፋል። የአረቄ አወጣጥን ያየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በዚህ በር የሚያልፉት ቀላልና ተናኝ ሞለኪውሎች ብቻ ናቸው። ወደ እናትዎ የእጣን ዘይት የሚወስደን ይኸው ነው። ቦስዌሊክ አሲድ በእጣኑ ሙጫ ውስጥ በእርግጥ አለ፤ በመገጣጠሚያ ብግነት ላይም ብዙ የተመረመረ ንጥረ ነገር ነው። ነገር ግን 30 የካርቦን አቶም ያለው ከባድ ሞለኪውል ነው፤ ክብደቱ የሲኒዮልን 3 እጥፍ ያህል ይሆናል። በእንፋሎት አይነሣም፤ ከድስቱ ሥር ከሙጫው ጋር ይቀራል። በእንፋሎት የተጣራ የእጣን ዘይት ላይ «ቦስዌሊክ አሲድ አለው» ብሎ መለጠፍ ስሕተት ነው፤ ወይ ሻጩ አያውቅም፣ ወይ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ነው። ከትግራይና ከመተማ የሚመጣው የእኛ እጣን ዘይት በብዛት የያዘው ኦክቲል አሲቴት የተባለ፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚል ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ነው። የሶማሌ አካባቢና የዓረቢያ እጣን ደግሞ ከሌላ የዛፍ ዝርያ ስለሚገኝ ዘይቱ በአብዛኛው ፓይኒን በተባለ፣ ጥድ ጥድ የሚል ሽታ ባለው ንጥረ ነገር የተሞላ ነው። ሁለቱም «የእጣን ዘይት» ተብለው ይሸጣሉ፤ በይዘት ግን ዘመዳሞች እንኳ አይመስሉም።

የእነዚህ ዘይቶች አብዛኛው ክፍል ከአንድ ጡብ የተሠራ ነው፤ ጡቡ 5 ካርቦን ያለው አይሶፕሪን ነው። ሁለት ጡብ ሲገጣጠም 10 ካርቦን ያላቸው ሞኖተርፒኖች ይሆናሉ፦ የሎሚ ልጣጭ ሊሞኒን፣ የድንብላል ሊናሎል፣ የባሕር ዛፍ ሲኒዮል። ሦስት ጡብ ሲሆን 15 ካርቦን ያላቸው ከበድ ያሉ፣ ሽታቸው ቶሎ የማይጠፋ ሴስኩተርፒኖች ይመጣሉ፤ ኮረሪማ ውስጥ ከሲኒዮል ጋር የሚገኘው ኔሮሊዶል የዚህ ወገን ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ቫላክ እ.ኤ.አ. በ1910 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘው እነዚህን ሽቶ መሰል ፈሳሾች ለይቶ ማንነታቸውን በማሳየቱ ነው፤ ከእሱ በፊት ብዙ ኬሚስቶች ሊፈታ የማይችል ድብልቅ አድርገው ይመለከቷቸው ነበር። ከዚህ ቤተሰብ ውጭ በሌላ መንገድ የሚሠሩ ደግሞ አሉ፤ የቅርንፉዱ ዩጀኖልና የእንስላሉ አኔቶል የዚያ ወገን ናቸው።

ተክሉን በስም ማወቅ ብቻውን አይበቃም። በሶብላን ይመልከቱ። ከአንዱ ማሳ የተለቀመው ዘይት በሊናሎል የበለጸገ ይሆናል፤ ቅጠሉ ተመሳሳይ የሆነ የሌላ ማሳ በሶብላ ደግሞ ኤስትራጎል ይበዛበታል። ኤስትራጎል በብዛት ሲወሰድ በቤተ ሙከራ እንስሳት ጉበት ላይ ዕጢ ያስከተለ ንጥረ ነገር ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በበርበሬያችን ውስጥ ያለው ጥቂት በሶብላ አያሳስበኝም፤ የተጣራውን ዘይት በየቀኑ መጠጣት ግን ያሳስበኛል።

አሁን ወደ ሻዩ። እናትዎን ቅቤ ሲያነጥሩ ያስቧቸው። ኮሰረቱን፣ ኮረሪማውን፣ በሶብላውን፣ ነጭ አዝሙዱን የሚጨምሩት በጋለው ቅቤ ውስጥ ነው፤ በውኃ ቀቅለው ውኃውን አይደፉም። መዓዛቸው በቅባት ይሟሟል፣ በውኃ አይሟሟም። ይህን ማንም ኬሚስት ሳያስተምራቸው አያቶቻችን ያውቁት ነበር፤ ንጥር ቅቤ ለእኔ የአገራችን ምርጥ የመዓዛ ማውጫ ዘዴ ነው። ሻጩ ያዘዘው ግን ተቃራኒውን ነው። ዘይቱ ሻይ ውስጥ ጠብ ሲል አይሟሟም፤ ሳይበረዝ ከላይ ይንሳፈፋል። ልጁ የመጀመሪያውን ጉንጭ ሲጎነጭ ዘይቱን እንዳለ በከንፈሩና በጉሮሮው ላይ ያገኘዋል። ቢያስለውና ትን ቢለው፣ ይህ ቀጭን ፈሳሽ ወደ ሳንባ ለመግባት ፈጣን ነው፤ ሳንባንም ያቆስላል።

በሰውነት ውስጥ ምን ይሠራሉ የሚለውን ብዙዎች ወይ «ሁሉን ይፈውሳል» ወይ «ዝም ብሎ ሽታ ነው» ብለው ያልፉታል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ዩጀኖል የነርቭን መልእክት ስለሚገታ ያደነዝዛል፤ ለጥርስ ሕመም ቅርንፉድ የሚነከሰው በከንቱ አይደለም፤ የጥርስ ሐኪሞችም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ቀላቅለው ለጊዜያዊ መሙያ ይጠቀሙበታል። ሜንቶል ደግሞ ቅዝቃዜን የሚያውቀውን የነርቭ በር ይከፍታል። በርበሬ ላይ ያለው ካፕሳይሲን የሙቀቱን በር እንደሚከፍት ማለት ነው፤ የእነዚህ በሮች ግኝት እ.ኤ.አ. በ2021 የሕክምና ኖቤል አስገኝቷል። እዚህ ላይ ለወላጅ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ፤ ሜንቶል ሲሸተን አፍንጫችን የተከፈተ ይመስለናል፤ የአየሩ ማለፊያ ሲለካ ግን እብጠቱ እንዳለ ነው። የተለወጠው ስሜታችን ነው። ሲኒዮልስ? ተጣርቶ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ በካፕሱል ሆኖ ጀርመን ውስጥ ለአዋቂዎች የሳይነስና የብሮንካይት ሕመም የተመዘገበ መድኃኒት ነው። በጥናት የታወቀ ጥቅም አለው ማለት ነው። ያ ካፕሱል ግን የተለካ ነው፤ የእርስዎ ጠርሙስ አይደለም።

ጦስኝ ላይም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ የአገራችን ብቻ የሆነ፣ በከፍተኛ ተራሮች ላይ የሚበቅል፣ የምንኮራበት ተክል ነው። ዘይቱ የሚይዛቸው ታይሞልና ካርቫክሮል የአቶሞቻቸው ዓይነትና ብዛት አንድ ሆኖ በአንዲት ቅርንጫፍ አቀማመጥ ብቻ የሚለያዩ ወንድማማቾች ናቸው። በመስታወት ሳህን ላይ ባክቴሪያን አጥብቀው ይገድላሉ፤ የሚገድሉትም የባክቴሪያውን ቅባታማ ሽፋን እያላሉ በመብሳት ነው። ከዚያ ተነሥቶ «የተፈጥሮ አንቲባዮቲክ» እያሉ የሚሸጡ አሉ። የእኛም ሴል የቅባት ሽፋን አለው። በሳህኑ ላይ ባክቴሪያውን የገደለው መጠን ደማችን ውስጥ ቢገባ እኛንም ይጎዳል፤ የጦስኝ ሻይ ደግሞ ያን መጠን አያደርስም፤ ለዚህም ነው ሻዩ ደኅና የሆነው፣ ለሳንባ ምች ግን መድኃኒት ያልሆነው።

ወደ ልጅዎ ልመለስ። ሁለት ጠብታ ልጁን ይገድለዋል አልልዎትም፤ ሰውን በማስፈራራት ማስተማር አልወድም። ሁለት ጠብታ ወደ 0.1 ሚሊ ሊትር ነው። የሚያስፈራኝ ከጠብታው በኋላ ያለው ነው። ጠብታ መቁጠሪያ የሌለው ጠርሙስ ሁለት ሲሉት አሥር ያፈሳል፤ ሌሊት በእንቅልፍ ዓይን የተሰጠ ነገር ሁለት ጊዜ ይሰጣል፤ «የልጄ መድኃኒት» ተብሎ አልጋው አጠገብ የተቀመጠ ጠርሙስ ደግሞ የ3 ዓመት ልጅ እጅ ይገባል። በአውስትራሊያ በሕፃናት ላይ ከተመዘገቡ መመረዞች እንደታየው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ የባሕር ዛፍ ዘይት ልጅን ያፈዝዛል፤ 5 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። 5 ሚሊ ሊትር የጠርሙስዎ ግማሽ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ። አፍንጫ ሥር የሚቀባው ደግሞ በሌላ መንገድ ይጎዳል። በትንንሽ ልጆች፣ በተለይ ከ2 ዓመት በታች ባሉት፣ እንደ ሲኒዮል፣ ሜንቶልና ካምፎር ያለ ብርቱ ሽታ በድንገት አፍንጫ ሲነካ ጉሮሮ ሊዘጋና ትንፋሽ ሊቋረጥ ይችላል። አስምና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆችም ሊርቁት ይገባል።

ልጁ ድንገት ዘይቱን ቢጠጣ እንዲያስመልሰው አያድርጉ፤ ሲወጣ ወደ ሳንባ ይገባልና። ወተትም አያጠጡት። ጠርሙሱን ይዘው ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ደኅና መስሎ ቢታይም እንኳ፣ መፍዘዝና መንቀጥቀጥ በደቂቃዎች ውስጥ ሊመጣ ይችላልና።

እናትዎን የማስጠነቅቀው ነገር ይህ ነው፦ በቅጠሉ ጉዳይ እስማማለሁ፣ በድስቱ ግን አልስማማም። የሚፈላ ድስት ፊት ጋቢ ተከናንቦ የተቀመጠ የ3 ዓመት ልጅ አንድ ጊዜ ቢወራጭ የሚደርሰው ቃጠሎ ከጉንፋኑ መቶ እጥፍ የከፋ ነው። እንፋሎት ለጊዜው ቀለል ያደርጋል እንጂ ጉንፋኑን ስለ ማሳጠሩ አሳማኝ ማስረጃ የለም። እናትዎ መዓዛውን ከወደዱት ትኩስ ቅጠሉን አሸት አድርገው ከልጁ ራቅ ባለ የክፍሉ ጥግ ያኑሩት፤ ይበቃል። ለሳሉ የሚሻለው ማር ነው። ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ስለሆነ ከመኝታ በፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ይስጡት፤ የሌሊት ሳልን እንደሚያቀልል በጥናት የታየ ነው። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ደረቱ ሲተነፍስ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ሌሊትም ቢሆን ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ጠርሙሱን ይጣሉት አልልም። ለእርስዎ ወይም ለእናትዎ ትከሻና ጀርባ በ30 ሚሊ ሊትር የሰሊጥ ዘይት ውስጥ ከ6 እስከ 12 ጠብታ ቀላቅለው መቀባት ይቻላል፤ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይሆናል። መጀመሪያ በክንድዎ ውስጠኛ ቆዳ ላይ በትንሹ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ። ክዳኑን አጥብቀው ብርሃን ከማይነካው ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት፤ ከከሰልና ከሻማም አርቁት፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል። እነዚህ ዘይቶች አየር ሲያገኙ ይለወጣሉ። በተለይ ሊሞኒንና ሊናሎል ያለባቸው ሲያረጁ ቆዳን የሚያስቆጣ ፔሮክሳይድ ያፈራሉ። አንድ ረዳቴ በመስኮት ፀሐይ ከርሞ የተረሳ የሎሚ ዘይት ክንዱ ላይ ጠብ አድርጎ ለሁለት ሳምንት ሲያክ አይቻለሁ፤ ያው ዘይት አዲስ ሳለ ምንም አላደረገውም ነበር።

የእጣን ዘይቱንም በዚሁ ልክ በሰሊጥ ዘይት አቅጥነው የእናትዎን ጉልበት ቢያሹላቸው ጉዳት የለውም። የእጅዎ ሙቀትና እሽታው ያሳርፋቸዋል፤ መዓዛውም ደስ ይላቸዋል። ቦስዌሊክ አሲዱን ግን ከዚያ ጠርሙስ አይጠብቁት። ጉልበታቸው ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ተገትሮ የሚቆይ ወይም የሚያብጥ ከሆነ ሐኪም ይየው።